የአሮጌ ካሚዮን ሞተር ዕቃ በስም ሳይሆን በልክ ይታዘዛል

የአንድ ካሚዮን ሞተር ወርዶ በጥገና ቤት ወለል ላይ ከተበተነበት ቀን ጀምሮ የባለንብረቱ ገቢ ይቆማል፤ ጭነቱ ይጠብቃል፤ ሾፌሩና ረዳቱም ሥራ ይፈታሉ። ካሚዮኑ አዲስ እንደ ሆነ መለዋወጫውን ማግኘት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው። ከተሠራ አርባና ሃምሳ ዓመት ያለፈውና ፋብሪካውም ዓይነቱን መሥራት ያቆመ እንደ ሆነ ግን ችግሩ ወደ አስመጪውና ወደ ባለሱቁ ይተላለፋል። አስመጪው «ለፊያት 682 የሚሆን ስድስት ፒስተን» ብሎ ያዛል፤ ዕቃው ከወራት በኋላ ይደርሳል፤ ቀረጡ ይከፈላል፤ ሣጥኑ ሲከፈት ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ሦስት ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ይገኛል። የውጭ ምንዛሪው ወጥቷል፤ ካሚዮኑ ግን እንደ ቆመ ነው።

እንዲህ ያለው ኪሳራ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ይኸውም ዕቃውን በካሚዮኑ ስም ማዘዝ ነው። በሐምሌ ወር 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የአንድ ስሕተት ዋጋ ከቀድሞው እጅግ ከፍ ብሏል። ስለዚህ የአሮጌ ሞተር ዕቃ የሚነግድ ሰው የሞተሩን ማንነት ከሞተሩ ከራሱ ማንበብንና በልክ ማዘዝን ቢያውቅ ደንበኛውንም ራሱንም ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ስም፤ ሦስት ሞተር

ፊያት 682 የተባለው ከባድ ካሚዮን በኢጣልያ አገር መሠራት የጀመረው በ1952 ነው፤ ሥራውም እስከ 1980ዎቹ ዓመታት ድረስ ቀጥሏል። በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ስለ ጥንካሬው «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ስም አትርፏል። በኢትዮጵያም «ኤን ትሬ» እየተባለ የሚጠራው ዓይነት ተሳቢውን አስከትሎ በአሰብ መንገድ ለብዙ ዘመን ጭነት ያመላለሰ ነው፤ ያ መንገድ በ1998 እስኪዘጋ ድረስ የአገሩን የገቢና የወጪ ንግድ ከተሸከሙት መካከል አንዱ እርሱ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚህ በአንድ ስም ሥር የተገጠሙት ሞተሮች አንድ ዓይነት አልነበሩም። ሦስቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ሲሆኑ ልካቸው እንደሚከተለው ይለያያል።

ሞተር 203፤ የሲሊንደር ስፋት 122 ሚሊ ሜትር፤ የፒስተን ጉዞ 145 ሚሊ ሜትር፤ ጠቅላላ ይዞታ 10,170 ሳንቲ ሜትር ኩብ።

ሞተር 203ኤ፤ የሲሊንደር ስፋት 125 ሚሊ ሜትር፤ የፒስተን ጉዞ 145 ሚሊ ሜትር፤ ጠቅላላ ይዞታ 10,676 ሳንቲ ሜትር ኩብ።

ሞተር 221፤ የሲሊንደር ስፋት 130 ሚሊ ሜትር፤ የፒስተን ጉዞ 145 ሚሊ ሜትር፤ ጠቅላላ ይዞታ 11,548 ሳንቲ ሜትር ኩብ።

እንደሚታየው የፒስተኑ ጉዞ በሦስቱም አንድ ነው፤ የተለወጠው ስፋቱ ብቻ ነው። ገዢውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ሞተሮቹ ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ የአንዱ ፒስተን ግን ለሌላው አይሆንም።

ባለሱቁ በእጁ ያለውን ቁጥር በቀላል ሒሳብ ሊመረምረው ይችላል። ስፋቱን በሳንቲ ሜትር ወስዶ በራሱ ያባዛል፤ ውጤቱን በ0.7854፤ ከዚያም በጉዞው፤ በመጨረሻም በሲሊንደሮቹ ብዛት ያባዛል። ለምሳሌ 12.5 በ12.5፤ በ0.7854፤ በ14.5፤ በ6 ሲባዛ 10,676 ይሆናል። የተገኘው ቁጥር በካታሎግ ከተጻፈው ይዞታ ጋር ካልተስማማ፥ ከልኩ ወይም ከካታሎጉ አንዱ የሌላ ሞተር ነው ማለት ነው።

የስም ስሕተት በፊያት 682 ብቻ የተወሰነ አይደለም። «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው የሕዝብ መጠሪያ ፊያት 634 ከተባለው፥ በ1931 ከወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደር ካሚዮን ቁጥር የመጣ ነው። በዚያው ዘመን በኢጣልያ ጦር እጅ የነበረው፥ በ1938 የወጣው ላንቺያ 3ሮ ግን ባለ አምስት ሲሊንደር ነው። ለእርሱ ስድስት ፒስተን ያዘዘ ነጋዴ አንዱን ለመደርደሪያው ጌጥ ገዛው ማለት ነው። ከእንግሊዝ አገር የመጡት ካሚዮኖችም እንደዚሁ ናቸው። ፐርኪንስ ፒ6 የተባለው የናፍጣ ሞተር ለብዙ ፋብሪካዎች ካሚዮኖች ይሸጥ ስለ ነበረ፥ አንዳንዱም በቤንዚን ሞተር ምትክ ቆይቶ የተገጠመ ስለ ሆነ፥ በግንባሩ ላይ የተጻፈው ስም በውስጡ ያለውን ሞተር አይነግርም።

የሞተሩ መታወቂያ የት ይነበባል?

መጀመሪያ የሚታየው ሊብሬው ነው፤ በእርሱ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ሆኖም ካሚዮኑ በዕድሜው ሞተር ለውጦ ሊሆን ስለሚችል ሊብሬው ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ዳኛው በሞተሩ ብረት ላይ በመዶሻና በማተሚያ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ይህም ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ ጎን፥ በተላገ ጠፍጣፋ ስፍራ ላይ ይገኛል፤ ዘይትና ቀለም ስለሚሸፍነው በናፍጣ አጥቦና በብሩሽ ፍቆ ማንበብ ያስፈልጋል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ቁጥር መኖሩን ማስተዋል ይገባል። ከብረቱ ገጽ ከፍ ብሎ የሚታየው ቁጥር ብረቱ ሲቀልጥ በቅርጹ ውስጥ አብሮ የወጣ ነው። ከአንድ ቅርጽ የወጣ ብረት በኋላ በልዩ ልዩ ስፋት ሊቦረቦር ስለሚችል፥ ይህ ቁጥር ዘመዱን እንጂ ልኩን አያሳይም። ወደ ውስጥ የተቀረጸው ቁጥር ግን ዕቃው ከተሠራ በኋላ የተሰጠው ነው። በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ ሁለቱም ሊጻፉ ይችላሉ፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ግን መገለጽ አለበት።

የናፍጣ ፖምፓውም የራሱ ሰሌዳ አለው። በብዙ ሞተሮች ላይ የሚገኘው የቦሽ ፖምፓ ሰሌዳ ለሚያነበው ብዙ ይናገራል። በፊደሎቹ መካከል ያለው 4 ወይም 6 የሲሊንደሮቹን ብዛት ያመለክታል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል የፖምፓውን መጠን፥ ከእርሱ በኋላ ያለው ሁለት ወይም ሦስት አኃዝ ደግሞ ናፍጣውን የሚገፋውን ትንሽ ፒስተን ስፋት በሚሊ ሜትር አሥረኛ ይገልጣል። 90 ቢል 9 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን በሙሉ ፊደል በፊደል ገልብጦ መላክ፥ «የፊያት ፖምፓ» ብሎ ከመጻፍ እጅግ ይሻላል።

ሦስቱ መጻሕፍት

አንድን ሞተር ለማደስ የሚያስፈልገው ትምህርት በሦስት መጻሕፍት ተከፍሎ ይገኛል። አንደኛው ለሾፌሩ የሚሰጠው የአያያዝ መጽሐፍ ሲሆን የዘይቱን ዓይነትና መጠን፥ የቫልቩን ክፍተት ይናገራል። ሁለተኛው የመለዋወጫ ካታሎግ ነው፤ ዕቃዎቹን በሥዕል ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል። ሦስተኛው የጥገና ቤት መመሪያ ነው። ኮሎው ስንት ጊዜ ሊላግ እንደሚችል፥ የቴስታታው ቡሎኖች በምን ኃይልና በምን ተራ እንደሚጠብቁ፥ ናፍጣው በስንት ዲግሪ እንደሚረጭ የሚናገረው ይህ ብቻ ነው። ካታሎግ ያለው ሰው ዕቃውን ይገዛል፤ መመሪያ የሌለው መካኒክ ግን ያንኑ አዲስ ዕቃ በአንድ ወር ሊያቃጥለው ይችላል።

እነዚህ መጻሕፍት ከፋብሪካው መጋዘን ቢጠፉም ጨርሰው አልጠፉም። በቶሪኖ ከተማ የሚገኘው የፊያት ታሪካዊ ማዕከል የኩባንያውን ጥንታዊ ሰነዶችና ሥዕሎች ይጠብቃል። ከፊያት በቀር ሌላም ምንጭ አለ። የፒስተን፥ የፋሻና የብሮንዚና ፋብሪካዎች በየዘመኑ ያወጧቸው ካታሎጎች ዕቃውን በሞተሩ ዓይነትና በልኩ ይመዘግባሉ፤ ከእነዚህም መካከል የማሌ፥ የኮልበንሽሚትና የጎትሰ ስሞች በነጋዴዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። በእነርሱ ካታሎግ ውስጥ አንድን ፒስተን በመኪናው ስም ሳይሆን በስፋቱ መፈለግ ይቻላል፤ በዚህም መንገድ ለትራክተር ወይም ለጀልባ ሞተር የተሠራ ዕቃ ለአሮጌው ካሚዮን የሚስማማ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ምን ምን ይለካል?

ቁጥሩ ቢገኝም ባይገኝም መለካት አይቀርም፤ ምክንያቱም አሮጌ ሞተር ከዚህ በፊት ታድሶ ከፋብሪካው ልክ የወጣ ሊሆን ይችላል። የሲሊንደር መበላት ከፍ የሚለው ከላይ፥ የመጀመሪያው ፋሻ በሚደርስበት ስፍራ ነው። ፋሻው የማይደርስበት የሲሊንደሩ ታችኛ ጫፍ ግን አይበላም፤ መነሻው ልክ የሚታወቀውም ከዚያ ነው። የፒስተን ጉዞ ደግሞ ከኮሎው ቅርጽ የሚመጣ ስለ ሆነ ከአሠራሩ አይለወጥም። ስለዚህ ሞተሩን ለመለየት በመጀመሪያ የሚታመኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ፒስተን ሲታዘዝ ስፋቱ ብቻ አይበቃም። ጠቅላላ ቁመቱ፥ ከስፒናው መካከል እስከ ራሱ ያለው ከፍታ፥ የስፒናው ስፋትና ርዝመት፥ የፋሻዎቹ ብዛትና የእያንዳንዱ ውፍረት፥ በራሱ ላይ ያለው ጎድጓዳ ቅርጽ መጠቀስ አለበት። ከስፒናው እስከ ራሱ ያለው ከፍታ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ፒስተኑ ከቴስታታው ወይም ከቫልቩ ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ቢያንስ ደግሞ ግፊቱ ጐድሎ ሞተሩ በማለዳ አይነሣም።

ብሮንዚና ሲታዘዝ የሚፈለጉት ልኮች የኮሎው አንገት ስፋት፥ የቤቱ ስፋትና የብሮንዚናው ወርድ ናቸው። ኮሎው በተላገ ቁጥር አንገቱ ይቀጥናል፤ ቤቱ ግን አይለወጥም፤ ልዩነቱን የሚሞላው የብሮንዚናው ውፍረት ነው። ለዘይቱ የሚተወው ክፍተት በመመሪያው ካልተገኘ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስፋት አንድ ሺሕኛ ያህል ይገመታል። ለምሳሌ ቤቱ 85.00፥ የተላገው አንገት 79.50፥ ክፍተቱም 0.08 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ የብሮንዚናው ውፍረት 2.71 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ኮሎውን አስልጎ ከዚያ በኋላ ብሮንዚና መፈለግ ትልቅ ስሕተት ነው። በቅድሚያ በገበያ የሚገኘው ውፍረት ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ኮሎው በዚያ ልክ ይላጋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ተረት በዚህ ስፍራ ይሠራል፤ የተላገ ብረት ግን ተመልሶ አይለቀምም።

ጓርኒሲዮን በካሊበር ብቻ አይገለጽም። አሮጌው በወረቀት ላይ ተዘርግቶ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በእርሳስ ይሣላሉ፤ የእሳቱ ቀዳዳ ስፋትና የተጫነው ጓርኒሲዮን ውፍረት ከጎኑ ይጻፋል። በቀድሞ ዘመን የቴስታታ ጓርኒሲዮን በአስቤስቶስ ይሠራ ነበር። ይህ ማዕድን ለሳንባ አደገኛ በመሆኑ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2005 ጀምሮ ጨርሶ ተከልክሏል። ስለዚህ በምትኩ በሌላ ነገር የተሠራውን ማዘዝና ውፍረቱን ከአሮጌው ጋር ማስተያየት ይገባል፤ አሮጌውንም ሲፍቁ አቧራው እንዳይነሣ በውኃ ወይም በዘይት ማራስ ያስፈልጋል።

ኢንችና ሚሊ ሜትር ሲቀላቀሉ

ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመጡ አሮጌ ሞተሮች በኢንች የተሠሩ ናቸው፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የቤድፎርድ 214 ኩብ ኢንች የቤንዚን ሞተር ሲሊንደር ሦስት ኢንች ከሦስት ስምንተኛ፥ ማለትም 85.73 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ይህን «86» ብሎ አጠጋግቶ የጻፈ ሰው ሌላ ዕቃ አዘዘ ማለት ነው። የሰፋ ፒስተን ሲታዘዝም እንዲሁ ነው። በኢንች የሚቆጠሩት የማስፊያ ደረጃዎች 0.010፥ 0.020፥ 0.030 እና 0.040 ሲሆኑ በሚሊ ሜትር 0.254፥ 0.508፥ 0.762 እና 1.016 ናቸው። ከቁጥሩ በኋላ መለኪያው «ኢንች» ወይም «ሚሊ ሜትር» ተብሎ ካልተጻፈ ሻጩ እንደ አገሩ ልማድ ይተረጕመዋል።

በቡሎን ረገድ አደጋው የበለጠ ስውር ነው። የቀድሞው የእንግሊዝ የዊትዎርዝ ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፤ በ1948 እንግሊዝ፥ አሜሪካና ካናዳ የተስማሙበት ዩኒፋይድ የተባለው ጥርስ ግን እንደ ሜትሪኩ 60 ዲግሪ ነው። የግማሽ ኢንች ቡሎን በዊትዎርዝ በአንድ ኢንች ውስጥ 12 ጥርስ ሲኖረው በዩኒፋይድ ወፍራም ጥርስ 13 ነው። አንዱ በሌላው ቀዳዳ ጥቂት ዙር ይገባና ይጠብቃል፤ የጠበቀም ይመስላል፤ ያበላሸው ግን የሞተሩን አካል ነው። የጥርስ መለኪያ ማበጠሪያ ዋጋው ጥቂት ስለ ሆነ ከየሱቁ ባይጠፋ መልካም ነው።

በኩሽኔታ ረገድ ግን ነገሩ ቀላል ነው። በቀለበቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዓለም አቀፍ በመሆኑ የካሚዮኑ ፋብሪካ ቢዘጋም አይሞትም። 6308 የሚል ኩሽኔታ በማንኛውም አገር ቢሠራ ውስጡ 40፥ ውጭው 90፥ ወርዱም 23 ሚሊ ሜትር ነው። ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በአምስት ሲባዙ የውስጡን ስፋት ይሰጣሉ። የዘይት ማገጃውም በሦስት ልክ፥ በዘንጉ፥ በቤቱና በወርዱ ይታዘዛል። እነዚህን ሁለቱን በካሚዮኑ ስም የሚገዛ ሰው ለስሙ ተጨማሪ ዋጋ ይከፍላል።

ዕቃው ከወዴት ይገኛል?

ከውጭ ከማዘዝ በፊት በአገር ውስጥ ያለውን መመርመር ይቀድማል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ በሚገኙት ሱቆችና ቀድሞ የኢጣልያ ካሚዮኖችን ዕቃ ያስመጡ በነበሩት መጋዘኖች ውስጥ ሣጥኑ ያልተከፈተ አሮጌ ዕቃ መኖሩ አይቀርም። ሁለተኛው ምንጭ የወንድም ሞተር ነው። የ203 ቤተሰብ ሞተር አግድም ተጋድሞ በፊያት 306 አውቶቡስ ውስጥ ተገጥሟል፤ የፊያት ሞተሮች አይፎ በሚባለው ስም ለጀልባና ለመብራት ማመንጫም ተሸጠዋል። ዕቃው ሁሉ ይለዋወጣል ማለት ግን አይደለም፤ አንድ በአንድ ተለክቶ መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው መንገድ ማሠራት ነው። የተበላ ሲሊንደር ካሚቻ ሊገባለት፥ የቫልቭ መቀመጫ በቶርኖ ሊወጣ፥ የጥንቶቹ ሞተሮች ነጭ ብረት የፈሰሰበት ብሮንዚናም በብልኅ ባለሙያ እንደ ገና ሊፈስ ይችላል። የተሰነጠቀ ኮሎን በብየዳ ማዳን ግን ለተሳቢ ጎታች ሞተር የሚመከር ነገር አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ የሚሰበር ኮሎ ከሞተሩ ዋጋ በላይ ያስከፍላል።

ለላኪዎችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለ። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ መኪናዎች ፌዴሬሽን ቢያንስ ሠላሳ ዓመት የሞላውንና በሚገባ የተጠበቀውን መኪና ታሪካዊ ይለዋል። በኢጣልያም ከ1966 ጀምሮ የጥንታዊ መኪናዎች ባለቤቶች ማኅበር ቆሟል። እንዲህ ያሉት ሰዎች ለሥራ ሳይሆን ለቅርስ ሞተር ስለሚያድሱ፥ በሱቅ ጥግ አቧራ የለበሰ ያልተነካ ዕቃ በእነርሱ ዘንድ ፈላጊ ሊያገኝ ይችላል። ዕቃው በቁጥሩና በልኩ ካልተመዘገበ ግን ፈላጊውና ሻጩ አይገናኙም።

የትእዛዝ ደብዳቤና ጕምሩክ

ከዚህ በላይ የተባለው ሲጠቃለል አንድ የተሟላ ትእዛዝ የሚከተሉትን ይይዛል፤ የሞተሩን ዓይነትና የተቀረጸ ቁጥር፤ የሲሊንደሩን ስፋት፥ ጉዞና ብዛት፤ የዕቃውን ቁጥር ካለ፤ ልኮቹን ከነመለኪያቸው፤ የሚፈለገውን የማስፊያ ወይም የመቅጠኛ ደረጃ፤ የአሮጌውን ዕቃ ፎቶግራፍ ከማስመሪያ ጋር፤ በመጨረሻም ሻጩ ከመላኩ በፊት ልኩን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ የሚጠይቅ ቃል።

በጕምሩክ በኩል የሞተር ዕቃ ሁሉ በአንድ አንቀጽ የሚገባ አይደለም። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ፒስተን፥ ፋሻና ካሚቻ በ84.09፤ ኮሎና ብሮንዚና በ84.83፤ ኩሽኔታ በ84.82፤ የናፍጣ ፖምፓ በ84.13፤ ከብረትና ከሌላ ነገር ተደርቦ የተሠራ ጓርኒሲዮን በ84.84 ይመደባሉ። ፋክቱሩ ዕቃዎቹን በዚህ ዓይነት ለይቶ እንዲዘረዝር ሻጩን አስቀድሞ ማሳሰብ በመጋዘን የሚያልፈውን ቀን ያሳጥራል።

በመጨረሻ ለባለሱቆች አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባል። አሮጌ ሱቅ ሲዘጋ ወይም ወደ ልጆች ሲተላለፍ ብረቱ በኪሎ ይሸጣል፤ ካታሎጉና መመሪያው ግን ለዕቃ መጠቅለያ ይውላል። ከሁለቱ የሚበልጠው ወረቀቱ ነው፤ ልኩ የታወቀ ዕቃ በሌላ አገር ሊገኝ ወይም በቶርኖ ሊሠራ ይችላል፤ ልኩ የጠፋበት ሞተር ግን ከቁራጭ ብረት አይሻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለሱቅ የወረሳቸውን ካታሎጎች ቢጠብቅ፥ በእጁ ያለፈውንም ዕቃ ልክ በአንድ መዝገብ ቢያሰፍር፥ ነገ ከሣጥኑ የሚወጣው ፒስተን ሲሊንደሩን የሚገጥም ይሆናል፤ የቆመውም ካሚዮን ወደ መንገዱ ይመለሳል።